የዋና ቁምጣ በነሐሴ

እኛ አገር ሰው ውኃ ዳር የሚዝናናው ውኃ ሲያንስ ነው። ሰማዩ ጠርቶ አቧራው ሲነሣ፣ ወንዙ ጎድሎ ድንጋዩ ሲያፈጥ፣ ያን ጊዜ ሐዋሳና ላንጋኖ፣ ቢሾፍቱና ሐይቅ ላይ አልጋ ይጠፋል። ሙሽራው ፎቶ ሊነሣ ይወርዳል፤ መሥሪያ ቤቱ «የስትራቴጂክ ዕቅድ ውይይት» ብሎ ሠራተኛውን ጭኖ ይመጣና ዕቅዱን በዓሣ ጥብስ ያወራርዳል። ሰኔ ግም ካለ በኋላ ግን ሁሉም ጃንጥላውን ይዞ ቤቱ ይከተታል። ውኃው በጣራው ቀዳዳ ሳሎን ድረስ እየመጣለት፣ የነዳጅ ከፍሎ ውኃ ሊያይ የሚሄድ ማን አለ? ሐይቆቹ ደግሞ የሚሞሉት፣ ዙሪያቸውም የሚለመልመው ያኔ ነው። ተሞሽረው ይጠብቁናል፤ እኛ ሲቀጥኑ ጠብቀን እንሄዳለን።

ይህን ሥርዓት የማያውቅ አንድ ወገን አለ፤ ዳያስፖራ። እዚያ ትምህርት ቤት የሚዘጋው፣ አለቃም ፈቃድ ሲሰጥ ፊቱ የማይጠቁረው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ፀሐይዋ በእነሱ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት ጥለዋት ይነሡና፣ መነጽሯን ብቻ ይዘው፣ ዝናባችን መሐል ያርፋሉ። የአክስቴ ልጅም እንዲሁ መጣ። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ቦሌ ላይ ስንቀበለው ካናቴራ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ብቅ አለ፤ በረዶ እየወረደ ነበር። እናቱ ጋቢ ይዛ ነው የሄደችው፤ ልጇንም ዝናቡንም ታውቃቸዋለች።

እንዲያው ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ክትፎ በሚበላበት የቨርጂኒያ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚል ፖስተር ተሰቅሏል አሉ። መፈክሩ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ቱሪዝም ከምንም ያስነሡት የአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሥራ ነው። ሰውየው አንድም ቃል አልዋሹም። ወሮቻችን 13 ናቸው፤ ፀሐይም በየወሩ ብቅ ትላለች። በየትኛው ወር ለስንት ደቂቃ እንደምትወጣ ደግሞ ፖስተር ላይ አይጻፍም። መንግሥት በ2008 መፈክሩን «ምድረ ቀደምት» ብሎ ለውጦታል፤ የቨርጂኒያው ግድግዳ ግን እስካሁን አልሰማም።

«ቬኬሽኔን ሌክ ዳር ነው የማሳልፈው» አለ በመጣ በማግስቱ። የስልኩ የአየር ትንበያ ከዛሬ እስከ ወሩ መጨረሻ ደመና ብቻ ደርድሮ አሳየው። «ይሄ አፕ ለዚህ አገር አይሠራም መሰለኝ» ብሎ ዘጋው። አክስቴ ደግሞ ፍልሰታን ወሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደርሳ ልትመጣ የተሳለችው ስለት አለባት። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነውና ስለት ቢሳሉበት ያምራል። እናትና ልጅ በዚህ ተስማሙ፤ እሷ ለገዳሙ፣ እሱ ለውኃው። እሷ ነጠላና ዳዊት አዘጋጀች፤ እሱ አበባ አበባ ያለበት የዋና ቁምጣ። እኔን ማንም ሳይጠይቀኝ አስታራቂ ሆኜ ተመደብኩ።

ዛሬ ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ከዝናቡ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ። «መንገዱ እንዴት ነው?» ይላል። በ2013 በመንገዱ ላይ ያለችው አጣዬ ነደደች፤ በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሳያቆም ከሚሴን አልፎ ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህም የዚህ መንገድ ዜና አንድ ሰሞን ሰላም፣ አንድ ሰሞን ሌላ ነው። አንዳንድ ዓመት የዚህን መንገድ የውኃ ዳር ሎጆች ጥር ላይ ክረምት ያስመሰላቸው ይሄ እንጂ ዝናብ አይደለም። ሾፌራችን የከሚሴ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛም አማርኛም አፉን የፈታበት፣ ትንሽ ትንሽ አፋርኛ የሚሞክር። እያንዳንዱ ከተማ ላይ ለአንድ ጓደኛው ይደውልና «አብሽሩ፣ አማን ነው» ሲለን እንቀጥላለን። ራዲዮ ከፍተን አናውቅም።

ጣርማበር ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ስንገባ ነው ይልቅ የተሻለ ያየነው። አክስቴ ጋቢውን ደርባ «በስመ አብ» አለች፤ ልጇ የካናቴራውን እጅጌ ወደ ታች ይጎትታል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል፤ ደብረ ሲናን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ መስኮት ተከፈተ፣ ጋቢ ወረደ፣ ላብ መጣ። የአክስቴ ልጅ ፊቱ በራ። «አላልኳችሁም?» አለ። ሾፌሩ በመስታወት አየውና ዝም አለ። የቆላ ሰው ሙቀትንና ፀሐይን አንድ አድርጎ አያይም፤ በነሐሴ ሙቀቱ ከታች ነው የሚመጣው፣ ከእርጥቡ መሬት።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በምሳ ሰዓት ነው። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ!» ይላል፣ ሰው እጁን ታጥቦ በልቶ ሳይጨርስ ክላክስ ይነፋል። ከተማዋን ለሃያ ደቂቃ ብቻ የሚያውቋት ሰዎች ስለ እሷ ብዙ ነው የሚያወሩት። እኛም በልተን፣ ተነፍቶልን፣ ወጣን። ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ ጥቂት እንደሄድን የአክስቴ ልጅ መስታወቱን በእጁ መታ።

«አቁም! ደረስን!»

እውነትም ውኃ ነው። ከመንገዱ ማዶ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ተንጣሎ፣ ደመናውን ደረቱ ላይ አስተኝቶ፣ ነጫጭ ሳቢሳዎች ዳር ዳሩን ይራመዱበታል። ደንገሉ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል። እኔ ራሴ በበጋ ስንት ጊዜ ባለፍኩበት መንገድ ይህን የሚያህል ውኃ አላስታውስም።

«ሐይቁ ይሄ ነው?»

«ይሄማ ጨፋ ነው» አለ ሾፌሩ። «ሐይቅ አይደለም። የከብት ሣር ነው።»

«ሣሩ የታል?»

«ከሥር።»

የጨፋን ነገር የማያውቅ አንባቢ ይኖራልና ላስረዳ። ቦርከና የሚባለው ወንዝ ከደሴ በኩል ይነሣል፤ በኮምቦልቻ አልፎ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱ ያልቅበታል። መውረጃ ያጣ ውኃ እንግዲህ ይተኛል፤ ሰፊ ረግረግ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ከየተራራው የሚመጣው ጎርፍ ይጨመርበትና ሐይቅ መስሎ ያታልላል። ሲደላው ደግሞ ቀስ ብሎ ይቀጥላል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ያን ቀን ከመኪናችን ጎን የቆመው ውኃ እንደ እኛው ወደ ሐይቅ የሚጓዝ መንገደኛ ነበር፤ ልዩነቱ እሱ ፈቃዱ አያልቅበትም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ትምህርት ቆሞ አልሰማም። ስልኩን በዱላ ላይ ሰክቶ ለፎቶ ወርዷል። ሾፌሩ «አትራቅ፣ መሬቱ ያታልላል» ከማለቱ አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ። ሁለተኛውን ሊያወጣበት ሲረግጥ እሱም ገባ። ስናወጣው ነጠላ ጫማው አንዱ ቀርቷል፤ ጨፋ እስከ ጥቅምት አይመልሰውም። አክስቴ ከመኪናው ሳትወርድ «ዋኘህ?» አለችው።

ሾፌሩ ከመቀመጫው ሥር አንድ ሰማያዊ ሽርጥ አውጥቶ ሰጠው። ሽርጥ የዚህ አገር ወንድ ልብስ ነው፤ ከሚሴም ባቲም፣ ወደ አፋር ስትወርዱም ታዩታላችሁ። ውኃ ሲመጣ ከፍ ይደረጋል፣ ወባ ትንኝ ሲመጣ ዝቅ ይደረጋል፣ ሌሊት ይለበሳል፣ ገበያ ሲኬድ ዕቃ ይቋጠርበታል። ቁምጣ ይህን ሁሉ አይችልም። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ እንደ ፎጣ አገለደመው፤ ሁለት ጊዜ ወድቆበት ሦስተኛውን ሾፌሩ አሰረለት። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ ከወገቡ አልወረደም።

እዚያው ሳለን ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና መብራት አበራልን። ጎርፉ ከበላይ አፈርና ድንጋይ አውርዶ መንገድ ዘግቷል፤ ዶዘር ተጠርቷል፤ ዶዘሩ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሾፌሩ መኪናውን አዞረና «የእኛ ቤት ሳታድሩ ልታልፉ ነበር፤ አላህ አልወደደውም» አለ። በጣም የተከፋ አልመሰለኝም።

ከሚሴ ተመልሰን አልጋ ጠየቅን። «አለ» አሉን። ለካ ሁሉም ባዶ ነው፤ መኪናውን የሚጠብቀው፣ ሻንጣ የሚያወጣው፣ ቁልፍ የሚያመጣው፣ እንደገና ሌላ ቁልፍ የሚያመጣው፣ ሁሉም እኛን ብቻ ነው የሚከተለው። የክረምት እንግዳ መሆን ይህ ጥቅም አለው። በበጋ ብትመጡ ጮኻችሁ የማይሰማችሁ አስተናጋጅ፣ በነሐሴ ሳትናገሩ የምታስቡትን ይገምታል። እንዲህ ሆኖም ግምቱ ሁልጊዜ አይሳካም።

«ሻወር አለ?» አለ የአክስቴ ልጅ፣ ጭቃው ጉልበቱ ላይ እየደረቀ።

«አለ።»

«ሙቅ ውኃስ?»

አስተናጋጁ ትንሽ አሰበ። «ውኃው ነው የሌለው» አለ በትሕትና። «ዝናብ ሲበዛ መስመሩ ይቋረጣል። በጀሪካን እናመጣለን።»

ከመስኮቱ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ማዶ አንድ ሙሉ ሜዳ ውኃ ተኝቷል፤ ቧንቧው ግን ደርቋል። የአክስቴ ልጅ ሊከራከር አፉን ከፈተና ተወው። አገር መልመድ እንዲህ ነው የሚጀመረው።

ማታ መብራት ሄደ። የቤቱ እመቤት ከሰል አቀጣጥለው ቡና ጀመሩ። አክስቴ ጾመኛ መሆኗን ከነጠላ አጣጣሏ ነው መሰል ያወቁት፤ ማንም አልነገራቸውም። «እናቴ፣ ለጾም የለየሁት ድስት አለኝ፤ ቅቤ ነክቶት አያውቅም» አሏት። ሙስሊም ናቸው። ፍልሰታ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ቆጥረው ነገሯት፤ የገዛ ልጇ ግን ከሰዓት በኋላ ዓሣ ሊያዝላት ሲል ነበር። ስለ ዓሣ ክርክር ተነሣ። ይጾማል፣ አይጾምም? አክስቴ «ደም ያለው ሁሉ ይጾማል» አለች። ልጇ ቨርጂኒያ ያለው የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚበላ መሰከረ። የቤቱ እመቤት ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ «ሽሮ ይሻላችኋል፤ ሽሮ ላይ ማንም አይጣላም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ችሎቱ ሌላ ቦታ ቢሆን ሦስት ቀጠሮ ይወስድ ነበር።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ የሾፌራችን ዘመድ ናቸው፤ እዚያ አገር ደግሞ የማይዛመድ የለም። መጀመሪያ ዱአ አደረጉ፤ ለዝናቡ፣ ለአገሩ ሰላም፣ ለመንገደኛው። አክስቴ «አሜን» አለች፤ ከሁላችንም ድምፅዋ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው የአክስቴን ልጅ ሽርጥ አይተው ቋጠሮውን በዓይናቸው መረመሩና ደህና ነው አሉ።

«ከተማው እንዲህ ጭር ያለው በዝናቡ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንግዶቻችን ሄደው ነው» አሉ። «እናንተ በማይሆን ጊዜ መጣችሁ። በጋ ብትመጡ ጨፋ ላይ እግር መርገጫ አይገኝም ነበር።»

የአክስቴ ልጅ ቀና አለ። «ቱሪስት?»

«ከብት።»

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ዝናቡ አቁሞ ሌላው አገር ሲደርቅ ጨፋ ላይ ውኃው ይሸሻል፣ ሣሩ ይወጣል። ያኔ አፋሩ ከበረሃው፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከየአካባቢው፣ ላሙን፣ በሬውን፣ ግመሉን፣ ፍየሉን እየነዳ ይሰፍርበታል። የቤተሰቡ ግማሽ ይመጣል፣ ጎጆ ይተከላል፣ ወተት ይሸጣል፣ አንዳንዱም በዚያው ልጁን ይድራል። የማን ከብት የት እንደሚውል ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ሰኔ ላይ ዳመናው ሲከብድ፣ በረሃውም በተራው ሣር ሊያበቅል ሲል፣ ተነሥተው ይወርዳሉ። ይህ ሥርዓት ሎጅና ሪዞርት ከመባሉ በፊት የነበረ ነው። ውኃ ዳር መቼ መሄድ እንዳለበት አስቦበት የሚሄድ እንግዳ በአገራችን ካለ ላም ናት። ገና ነው፣ ጥምቀት ነው አትልም፤ ሣሩን አይታ ትመጣለች፣ ጭቃው እግሯን ሳይዘው ትሄዳለች። ወቅቷም የፖስተር ሳይሆን የሆድ ጉዳይ ነው።

«ስንት ከብት ይመጣል?» አለ የአክስቴ ልጅ። አሜሪካ ውስጥ ቁጥር የሌለው ነገር ነገር አይባልም።

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ የሰው ከብት አይቆጠርም። ነውር ነው።»

«ለቢዝነስ ብዬ እኮ ነው። እዚህ ሪዞርት ቢሠራ...»

«የት ላይ?»

«ጨፋ ላይ። ውኃው ዳር።»

ሽማግሌውና ሾፌሩ በኦሮምኛ ትንሽ ተነጋገሩ። ተሳሳቁ። ሾፌሩ ተረጎመልን፤ «ክረምት ብትሠራው ዋና ገንዳው ሳሎንህ ውስጥ ይሆናል፣ በጋ ብትሠራው የአፋር ግመል በረንዳህን ይበላዋል ነው የሚሉት።» ሽማግሌው ከዚያ ትንሽ አዘኑ። አሁን አሁን ረግረጉ ዳር ዳሩን እየታረሰ፣ የሚሰማራበት እየጠበበ፣ ጠቡም እየበዛ ነው አሉ። ድሮ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣ ነበር፤ አሁን ገበሬው የማይሄድ እንግዳ ሆነ፤ ገበሬውንስ ማን ይወቅሰዋል፣ እሱም ልጅ አለው። ይህን ብለው በረካውን ጠጡና ጃንጥላቸውን አነሡ።

ሌሊቱን አጎበር ውስጥ ገብተን የወባ ትንኞች ከውጭ ሲያዜሙ ሰማን። የአክስቴ ልጅ ክፍል ውስጥ አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው። ጠዋት ፊቱን ሳይ ቁጥሩን አልጠየቅሁትም፤ ነውር ነው።

ሐይቅን በአጭሩ ልንገራችሁ። መንገዱ ተከፍቶ፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ ደሴ ላይ ሁለተኛውን ጋቢ ገዝተን፣ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሐይቁ ግሩም ነው። ተራሮቹ ከበውት፣ ዙሪያው አረንጓዴ ሆኖ፣ ጉሙ ከላዩ ሲነሣ ሌላ ውኃ ከሥር ብቅ ይላል። ጥልቀቱ 80 ሜትር ያልፋል። ውኃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «የባንክ አካውንቴ ተቃራኒ» አለ፤ በመንገዱ ሁሉ የተናገረው ደህና ነገር እሱ ነው። ሎጁ ውስጥ እኛ ብቻ ነበርን። ምናሌው በፕላስቲክ የተለበጠ፣ በዓሣ የሚጀምር፣ በዓሣ የሚያልቅ ነው።

«ዓሣ ጥብስ።»

«ዓሣ ዛሬ የለም። አስጋሪዎቹ በዝናቡ አልወጡም።»

«ዓሣ ጎላሽ?»

አስተናጋጇ በርኅራኄ አየችው። «እሱም ከዓሣ ነው የሚሠራው።»

አክስቴ በልቧ አመሰገነች መሰለኝ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንኳ በ1970 ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የገባ ነው እንጂ የሐይቁ ተወላጅ አልነበረም፤ ዳያስፖራ ነው በሉት፤ እሱ ግን ወቅቱን አውቆ ተደብቋል። ሽሮ በላን።

ገዳሙ ግን ጢም ብሎ ነበር። ሎጁ ጭር ባለበት ሰዓት እስጢፋኖስ በር ላይ ለሱባኤ የመጣው ሰው ፌስታሉን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ተሰልፏል። ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከአዲስ አበባም የመጣ አለ፤ የያዘው ዳቤና ውኃ ነው፣ የሚተኛው መሬት ላይ ነው፣ ስለ ሻወር የሚጠይቅ የለም። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴት ወደ ውስጥ አትገባም፤ አክስቴ ይህን ከመነሻው ታውቃለች። ከበሩ ውጭ ከሌሎች እናቶች ጋር ዛፍ ሥር ጃንጥላ አገጣጥመው ተቀመጡ። ውስጥ የገባነው እኔና ልጇ፣ ታሪካዊ ንዋየ ቅድሳቱን አይተን፣ የአባ ኢየሱስ ሞአን ወንጌል ዝና ሰምተን ስንመለስ፣ እሷ የአምስት ሴቶችን የልጅ ልጅ ስም አጥንታ፣ ከሁለቱ ስልክ ተቀብላ፣ ለአንዷ ጉልበት ሕመም መድኃኒት አዝዛ ጠበቀችን። ስለቷን በበሩ በኩል ልካለች። ቆመን ብንጠራትም ቶሎ አልተነሣችም።

የአክስቴ ልጅ ቁምጣውን የለበሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ካፊያ ነበር። ሽርጡን በረንዳው ላይ አውልቆ በአበባ ቁምጣ ወደ ውኃው ሲሮጥ የሎጁ ጥበቃ የዝናብ ካፖርቱን አጥልቆ፣ ዱላውን ይዞ፣ ሲራመድ መጣ። የእኛ ሰው ዘሎ ገባ፣ አንዴ ጮኸ፣ ሦስት ጊዜ እጁን አወናጨፈ፣ ወጣ። ከንፈሩ ወይን ጠጅ ሆኗል። ጥበቃው ዱላውን አቀብሎ ከጎተተው በኋላ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ «ወድቆ ነው ወይስ ተጣልታችሁ ነው?» አለኝ።

ሒሳብ ስንከፍል የክረምት ቅናሽ አደረጉልን። ቅናሹን ደስ ብሎን ሳንጨርስ ተቀባዩ ካርድ ሰጠንና «በጥር የምትመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ አልጋ አይገኝም» አለን፤ ከኋላው ቁልፎቹ በሙሉ በየምስማራቸው ተንጠልጥለዋል።

«እኔ ፀሐይ ሳላይ አሜሪካ አልመለስም» ብሎ ማለ የአክስቴ ልጅ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ሾፌሩ ሳቀ። «ፀሐይ ከሆነ የሚያሳስብህ ወላሂ ብዙ ሰዓት አይፈጅም። ዛሬ ሰኞ ነው።»

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ መውረድ ነው፤ ጉሙ ከኋላ ይቀራል፣ ተራራው ይላላል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ከዚያ ድንገት ሰማይ አለ። ባቲ ከከሚሴ ጋር በአንድ ዞን ናት፤ ደጋውን ከአፋር በረሃ የምታገናኝ ደጃፍ ናት፤ ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ ይጠራል። ሐይቅ አጠገብ ያለው አምባሰልም ሌላውን ይዟል። ከአንድ ክፍለ ሀገር ሁለት ቅኝት ያወጣ ሰው እንዲህ ያለ ዝናብ ባይኖርበት ኖሮ ቤት ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያንጎራጉር ነበር ብዬ አላምንም። የሙዚቃ ሊቃውንት ይህን ሐሳቤን ይመርምሩት።

ገበያው ሞልቷል። ይሄን ሁሉ ቀን ሰው አጥተን ስንዞር ለካ ሰው ሁሉ እዚህ ነበር። ከደጋ ጤፍና ማሽላ የጫነ፣ ከበረሃ ጨውና ቅቤ የያዘ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩ በሦስት ቋንቋ ይዋዋላል፤ ዋጋ ሲወደድ አራተኛ ቋንቋ ይጨመራል፣ እጅ። ጫቱ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይታያል፣ ቅርጫቱ በየቀለሙ ተደርድሯል። ክረምት ሞተ የሚል ሰው እዚህ ቢመጣ ቀብሩን ይሰርዛል። ፀሐይዋም ወጥታለች። እንዲያውም ከልክ በላይ ነው የወጣችው። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ዓይኑን ጨፈነ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥላ ፈለገ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውኃ።

ግመል ተራ ያለው ጥላ የግመል ጥላ ብቻ ነው። እዚያ ሄዶ ቆመ። ሽርጡን በደንብ አስሯል፤ አሁን ማንም አይረዳውም። ጥቁር መነጽሩን አድርጓል። ከተማ የሚኖር ሀብታም ነጋዴ ነው የሚመስለው። የግመሉ ባለቤት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቀረበውና በአፋርኛ አንድ ነገር አለው። ሾፌሩ «ዋጋ በል እያለህ ነው» ሲል ተረጎመ።

«ኧረ እኔ ልገዛ አይደለም! እንግዳ ነኝ። ከአሜሪካ ነው የመጣሁት።»

ባለ ግመሉ አማርኛ ያውቃል። «አሜሪካ አሁን ዝናብ ነው?» አለው።

«አይ፣ እዚያ አሁን ፀሐይ ነው። ደህና በጋ ነው።»

ባለ ግመሉ ይህን ነገር በልቡ አመላለሰው። ግመሉም አመላለሰችው። «ታዲያ በጋውን ጥለህ ክረምት መሐል ምን አመጣህ?» አለ በመጨረሻ። «ከብትህ እዚህ ነው?»

የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሾፌሩ አየሁ። መልሱን የሰጠችው ሁሉን ስትሰማ ቆማ የነበረችው አክስቴ ናት፤ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፤

«ምን ያድርግ ልጄ! ፈቃዱ ነዋ!»

ባለ ግመሉ አንገቱን ደፋ። «አልሐምዱሊላህ፣ ፈቃዱ ከሆነማ ማን ምን ይላል» አለና ወደ ግመሉ ዋጋ ተመለሰ።